ከመዘምራን ወደ ሠርግ ዳስ

መምህርነት የተማርሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ወረቀቱ ላይ ማሰልጠኛ ተቋም ይባላል፤ የከተማው ሰው ግን ኮሌጅ ይለው ነበር፤ እኛም አጠራሩን ወደነው አላረምነውም። እዚያ እያለሁ የመዘምራን ቡድን አባል ነበርሁ። የንጉሡ ልደት ሲከበር፣ ምረቃ ሲሆን፣ ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ነጭ ሸሚዝና ሰማያዊ ጉርድ ለብሰን የምንሰለፈው እኛ ነን።

ያሰለጠኑን ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር ነበሩ። አገራቸው ውስጥ እንደኛው ኦርቶዶክሶች ከሚኖሩበት መንደር የመጡ፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን በቅባት የሚያስተኙ ሰው። በአንድ እጅ እየነፉ በሌላው የሚጫወቷት ትንሽ ሃርሞኒየም ነበረቻቸው። ወንዶቹን ወፍራምና ቀጭን፣ ሴቶቹንም ወፍራምና ቀጭን ብለው ከአራት ከፈሉን። እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ዜማ ይዞ አራታችንም በአንድ ጊዜ እንዘምራለን። መጀመሪያ የሰሙን ዘበኛ «ምነው፣ ልጆቹ ተጣሉ?» ብለው መጠየቃቸውን አስታውሳለሁ። እየቆየን ስንሄድ ግን እሳቸውም በሩን ገርበብ አድርገው ያዳምጡ ነበር።

ከመዘምራኑ ውስጥ አራታችን አንለያይም ነበር። እኔ ከወፍራም ድምፅ ሴቶች ወገን ነኝ። ቀጭኑን ድምፅ የምትመራው ጓደኛዬ ሰው ፊት ስሟን ለመናገር የምታፍር፣ ስትዘምር ግን ጣሪያ የምትነቀንቅ ልጅ ናት። ቀጭን ድምፅ ካላቸው ወንዶች የሚበልጠው ማርቆስ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው የሙስሊም ነጋዴ ልጅ ነው። ሮመዳን ሲገባ እንኳ ልምምድ አይቀርም፤ ጉሮሮው እንደ ገል ደርቆ ከሁላችን አሳምሮ ይዘምራል። አራተኛው ከዲማ የመጣ፣ የዜማ መምህር ልጅ ነው። ረጅም፣ ጥቁር፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል። ችግሩ በቤተ ክርስቲያን ዜማ ያደገ ጉሮሮው በሃርሞኒየሟ ቁልፎች ላይ አልቆም ማለቱ ነበር። ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ሲሄድ እየተንሸራተተ፣ እየተንቀጠቀጠ ነው።

«በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ከየት ነው የምታመጣው?» አሉት አንድ ቀን መምህራችን።

«ከአባቴ» አላቸው።

በመጨረሻ፣ ትልልቅ እንግዶች በሚመጡበት ቀን አፉን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ተስማሙ። እሱም ሳይቀየም፣ ከሁላችን ይልቅ አፉን በሰፊው እየከፈተ ቆሞ ያስጨርስ ነበር።

ስንመረቅ እኔ አማኑኤል ከተማ ተመደብሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ «ሴት ልጅ ብቻዋን ሰው አገር አታድርም» ብላ ጓዟን ጠቅልላ ተከተለችኝ። የነጋዴው ልጅ ማስተማሩን ትቶ፣ አባቱ አማኑኤል መንገድ ዳር የከፈቱትን ሁለተኛ ሱቅ ያዘ። የዲማው ልጅ ደምበጫ ደረሰው። ቀጭን ድምፅ ያላት ጓደኛችን ደግሞ የአማኑኤል ክሊኒክ ድሬሰር ለትዳር ጠየቃትና፣ በጥር ወር ሠርጓ ሆነ።

ሠርጉ የተደገሰው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በድሬሰሩ አባት ግቢ ነው። አባትየው ትልቅ ገበሬ ናቸው፤ ዳሱ ለአገር ይበቃል። እናቴ፣ የነጋዴው ልጅ፣ ከደምበጫ የመጣው የዲማው ልጅና እኔ አብረን ሄድን። ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ሥጋ ታርዶ ስለነበር የነጋዴው ልጅ እዚያ ማዶ በልቶ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ጠላው ወረደ፣ ወጡ ቀረበ፤ አዝማሪው ግን የለም። ባልና ሚስት አዝማሪዎች ከጧት ጀምሮ ይጠበቁ ነበር። ቀትር ላይ ከደምበጫ በኩል በበቅሎ የመጣ ሰው፣ እዚያ ሌላ ሠርግ ላይ ይዘዋቸው እንደ ቀሩ ተናገረ።

የሙሽራው አባት ፊት ጠቆረ። ሠርግ ያለ ዘፈን ለቅሶ ነው። ዳሱ ውስጥ የሚሰማው ማኘክ ብቻ ሆነ። ይኼኔ እናቴ ከተቀመጠችበት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ምን ያስጨንቃችኋል? እነዚህ ልጆች እኮ ኮሌጅ ሙሉ ሁለት ዓመት የተማሩት ዘፈን ነው» አለች።

ሒሳብና ሥነ ልቡና መማራችንን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። እየጎተቱ አስነሱን። ሦስታችን መካከል ላይ ቆመን ተያየን። የምናውቀው ለንጉሡ የሚዘመረውን፣ የትምህርት ቤቱን መዝሙርና መምህራችን ያስተማሩንን አንድ የእንግሊዝኛ መዝሙር ነው። በሠርግ ዳስ የትምህርት ቤት መዝሙር አይዘመርም። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ጀመርን። ስለ ወንዝና ስለ ጀልባ የሚያወራ ረጋ ያለ መዝሙር ነው። ሰዉ ዝም ብሎ ሰማን። ስንጨርስ ከፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣

«ልጆች፣ ዜማው መልካም ነው። ምንድን ነው የሚለው?» አሉ።

የዲማው ልጅ ነጠላውን አስተካክሎ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። በአባቱ ጉባኤ የሰማው የትርጓሜ ለዛ መጣለት።

«በጀልባ ሆነን ወንዙን ተሻግረን አገራችን እንግባ ነው የሚለው። ወንዝ የተባለ ዘመን ነው፤ ጀልባ የተባለች ትዳር ናት፤ ቀዛፊዎቹም ባልና ሚስት ናቸው። አንድም፣ ወንዝ የሰው ወሬ ነው፤ ጀልባ ትዕግሥት ናት። አንድም፣ ወንዝ የዛሬው ጠላ ነው፤ ጀልባውም በእጃችሁ የያዛችሁት ዋንጫ ነውና፣ ተሻገሩ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ዋንጫቸውን አንስተው «ተሻግሬያለሁ!» አሉና ጨለጡት። ድገሙት ተባልን።

በድጋሚው ነው ነገሩ የሆነው። መዝሙሩ ውስጥ ቀጭኑ የሴት ድምፅ ብቻውን ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ አለ። በመጀመሪያው ዙር ዘልለነው ነበር፤ በሁለተኛው ልሞክረው ብዬ ድምፄ እንደ ጎረምሳ ዶሮ ተሰበረ። ልክ ሲሰበር ከሙሽሮቹ መቀመጫ በኩል ያ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ሙሽራዋ ናት። አንገቷን እንደ ደፋች፣ ፊቷን እንደ ተሸፈነች፣ ጓደኛዬ የራሷን ወገን ይዛ ዘመረች።

ሙሽራ ቀና ብላ አታይም፤ እንኳን ልትዘፍን። ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሙሽራው እናት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኛ ግን ማቆም አቃተን፤ አራቱ ድምፅ ከተመረቅን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝቷል። እስከ መጨረሻው ሄድን። ስናበቃ የሁሉም ዓይን የሙሽራው አባት ላይ ነው። እሳቸው ጢማቸውን አሻሽተው አሻሽተው፣

«ይህቺ ልጅ ለቅሶ ላይም እንዲህ ከሆነች፣ እኔ ከእንግዲህ ሞት አልፈራም» አሉ።

እልልታው ያን ጊዜ ቀለጠ። የዲማው ልጅ ከአንዲት ልጃገረድ እጅ ከበሮውን ተቀበለ። በሃርሞኒየሟ አልገራ ያለው ልጅ በከበሮ ላይ ሌላ ሰው ሆነ። ሁለት መዳፉ አንዱ ሲጠይቅ አንዱ ሲመልስ ይመስላል፤ የማኅሌቱን አመታት በሠርግ ዘፈን አዙሮ አመጣው፤ ሽማግሌ ሳይቀር ትከሻውን ፈታ። እኛም ሁሉም የሚያውቀውን የአገሩን የሠርግ ዘፈን በሁለት በሦስት ድምፅ እየከፈልን ተቀበልነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ድምፃችን አልቆ፣ ላባችን ነጠላችንን አጣብቆት ወደ ቤት ተመለስን። እናቴ መንገዱን ሁሉ «ብያችሁ አልነበር?» ትል ነበር።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደምበጫ ገባ። ጾም ሳይገባ ባሉት ሳምንታት ሦስት ቦታ ተጠራን፤ ሙሽራዋም ከባሏ ጋር እየመጣች ወገኗን ትይዝልን ነበር። እኔ አንድ ነገር አስረግጬ ተናገርሁ፤ እናቴ ካልመጣች አልሄድም። ከወንዶች ጋር ከዳስ ዳስ ስትዞር የታየች መምህርት ስሟ አይተርፍም። ስለዚህ በየሠርጉ መጀመሪያ የምትገባው እናቴ ናት። ነጭ ለብሳ፣ ከፊት ተቀምጣ፣ ምግቡን እየቀመሰች፣ የምንዘምረውን እየመረጠች ሙሉ ቀን ትውላለች። ሰዎች እሷን የቡድኑ አለቃ አድርገው ነው የሚያዩዋት። አልተሳሳቱም።

አንድ የገበያ ቀን ከነጋዴው ልጅ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ የዲማው ልጅም ከደምበጫ መጥቶ፣ የሚቀጥለውን ሠርግ ስንመካከር አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ከነሚስቱ መጥቶ ከፊታችን ቆመ። በጥር የቀረው አዝማሪ መሆኑን ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ወዲያው ተሰበሰበ። አዝማሪው ሰላምታም አልሰጠን። ማሲንቆውን አስተካክሎ ገዘገዘና፣

«ጠመኔ ያዦቹ ዳሱን ከወሰዱ፣
ጠኔ የያዛቸው ወዴት ነው 'ሚሄዱ?»

አለ። ገበያው በሳቅ ፈነዳ። እኛ ግን የምንገባበት ጠፋን። ሰውየው እውነቱን ነው፤ እኛ ደመወዝና ሱቅ አለን፣ እሱ ያለው ማሲንቆው ነው። የዲማው ልጅ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ግን የቅኔ አገር ልጅ ነውና መልስ ሳይሰጥ መቅረት አልሆነለትም። ጥቂት አሰበና፣

«ጭራው ካንተ ይምጣ፣ ድምፁ ይምጣ ከኛ፣
አንድ ዳስ ይበቃናል፣ ላንተም ሆነ ለኛ»

አለው። አዝማሪው ማሲንቆውን አውርዶ ራሱን ነቀነቀ።

«ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ቤት አመታትህ ግን ያሳፍራል። ‹ከኛ›ን ከ‹ለኛ› ጋር ማጋባት የዘመድ ጋብቻ ነው፤ ቄስም አይባርከው።»

የዲማው ልጅ ራሱ ከሁሉ በላይ ሳቀ። የነጋዴው ልጅ በርጩማ አወጣላቸው፣ ሻይ አስመጣላቸው። ያን ቀን በረንዳው ላይ ስምምነት አደረግን፤ እኛ የምንጠራበት ሠርግ ላይ እነሱም ይጠራሉ፤ ሽልማቱ የእነሱ ነው፣ እኛ የምንፈልገው መዝፈኑንና ምሳውን ነው። እናቴ «ምሳው» የሚለውን ቃል አጥብቃ አስገባች።

ከእነሱ ጋር ስንሠራ ነው ዘፈን ምን እንደ ሆነ ያወቅሁት። አዝማሪው እንግዳውን እያየ፣ ማን ከማን እንደ ተቀየመ፣ ማን ሊሸልም እጁን ኪሱ እንደ ሰደደ እያነበበ ይዘፍናል። ሚስቱ ደግሞ እሱ ግጥሙን ሊጨርስ ሲል ከየት መጣች ሳትባል ትቀበለዋለች። ትንፋሽ አወሳሰዷን ለመስረቅ ስሞክር አየችኝና፣

«የኔ እመቤት፣ አንቺ ትንፋሽሽን የምትቆጥሪ ትመስያለሽ። መቁጠሩን ለተማሪዎችሽ ተዪላቸው» አለችኝ።

እኛም ያለንን ሰጠናቸው። የነጋዴው ልጅ ከአዝማሪዋ ድምፅ በታች ሌላ ዜማ ይዞ ሲሄድ መጀመሪያ ግራ ተጋብታ ቆመች፤ በሁለተኛው ሠርግ ግን እሱ ሲዘገይ በክርኗ ትጎስመው ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ቢሮ አስጠሩኝ። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ግን የወረዳው ሰዎች ምን ይሉናል የሚለው ነገር እንቅልፍ ይነሳቸዋል።

«መምህርት፣ በሰው ዳስ ከአዝማሪ ጋር እየዘፈንሽ ነው ይባላል። ሰኞ ተማሪው እንዴት ያከብርሻል?»

 ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ዲሬክተሩ ቢሮ ገብታ ያለችውን በኋላ ራሳቸው ዲሬክተሩ እየሳቁ ነግረውኛል።

«ጌታዬ፣ ልጄ ብቻዋን አልዋለችም፤ እኔ አብሬያት አለሁ። እኔ ባለሁበት ደግሞ እንኳን ነውር፣ የጎደለ ወጥም የለም። አሁን የእህትዎን ልጅ ሠርግ በግንቦት ሊደግሱ ነው አሉ። እዚያ ማን ሊዘፍንልዎት ነው?»

በግንቦት ዘፈንንላቸው። ዲሬክተሩ ኮታቸውን አውልቀው እስክስታ ሲወርዱ ተማሪዎቼ በዳሱ ቀዳዳ አጮልቀው አዩዋቸው። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስለ መከበር የተነሣ ነገር የለም።

እንዲህ አድርገን ሁለት የሠርግ ወራት አለፉ። ከዚያ ኑሮ በየፊናችን ወሰደን፤ ዘፈኑ ግን ከማናችንም አልተለየም።

ሙሽራዋ ልጅ ስትወልድ ከእኛ ጋር መዞሩን ተወች። ያ ሲሆን የባሏ አባት ታመሙና በክረምት አረፉ። ለቅሶው ላይ እንደ ወጉ አልቃሾች ተጠርተው ነበር፤ እሷ ግን በሠርጓ ቀን የተናገሩትን አልረሳችም። ሰው ፊት ስሟን መናገር የምታፍረው ልጅ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣

«ማሳው እንደ ሰፋ፣ ጎታው እንደ ሞላ፣
ጌታው ወጥቶ ቀረ ምሳውን ሳይበላ»

ብላ አወረደችው። እንባ ያልወጣው ዓይን አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአካባቢው የክብር ለቅሶ ያለ እሷ አይሆንም ተባለ። ሳገኛት «ደስ ይልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሰው ሲያለቅስ ይቀለዋል፤ ሲቀለው አያለሁ፤ ደስ ይለኛል ብል ነውር ይሆናል እንጂ ይለኛል» አለችኝ።

የነጋዴው ልጅ አባቱ ሲደክሙ ወደ ማርቆስ ትልቁ ሱቅ ተመለሰ። የመውሊድ ቀን መንዙማ እንዲመራ ሽማግሌዎቹ መረጡት። አንድ ዓመት እኔንና እናቴን ጠርቶን ከሴቶቹ ጋር ሆነን ሰማነው። አውጪው እሱ፣ ተቀባዩ ሕዝብ ነው፤ ተቀባዮቹ ሲያነሡ እሱ ዝም አይልም፤ ከላያቸው ስስ አድርጎ ሌላ ዜማ ይዘረጋል። አንድ ሽማግሌ ሰምተው «ይህን ከየት አመጣኸው?» ቢሉት፣ «ከአንድ ሒሳብ አስተማሪ» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «ሒሳቡ ልክ ነው» ብለው ፈቀዱለት።

የዲማው ልጅ ነገር ግን ከሁላችን የሰፋ ሆነ። በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞረ ትርዒት የሚያሳይ የሙዚቃ ጓድ ከአዲስ አበባ ማርቆስ መጣ። ዓባይ በረሃ ላይ የበላው ነገር ከበሮ መቺያቸውን አስተኝቶታል። ከጓዱ ሰዎች አንዱ ለልብስ የሚሆን ጨርቅ ሊገዛ ከነጋዴው ልጅ ሱቅ ገብቶ ይህን ችግር ሲያወራ፣ የነጋዴው ልጅ ጨርቁን ሳይለካ አስቀመጠና በመጀመሪያው መኪና ደምበጫ ሰው ላከ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ ሆነን አየነው። የዲማው ልጅ ብረት ላይ የተሰቀለ ከበሮና ሳህን በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ዙሪያውን ዞረው፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ ከዚያ እንደ ቤተ መቅደስ ገቢ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ እያደመጠ ተከተላቸው። በሦስተኛው እነሱ ይከተሉት ጀመር። ትርዒቱ ሲያልቅ የጓዱ አለቃ ትከሻውን ይዘው «አዲስ አበባ ና፤ ሥራ አለህ» አሉት።

ልጁ ደስታው እንኳ አልታየበትም። «አባቴን ምን እላለሁ?» ብቻ አለን።

ያን ጊዜ እናቴ እኔ ትምህርቴን በደህና ከጨረስሁ ለዲማ ቤተ ክርስቲያን ጥላ አስገባለሁ ብላ የተሳለችው ስለት ነበረባት። ለዓመታዊው የንግሥ በዓል ልትሄድ ስታስብ ስለነበር፣ «እንግዲያውስ አብረን እንሂድ፤ ለአባትህ እኔ እነግርልሃለሁ» አለችው። መኪና እስከሚያደርሰን ሄደን፣ የቀረውን ከበዓል ተጓዡ ጋር በእግራችን ገባን። እናቴ አዲሱን ጥላ ፀሐይ እንዳይነካው ብላ በነጠላዋ ጠቅልላ ተሸክማ፣ እሷ ግን በፀሐይ ተቃጥላ ነው የደረሰችው።

አባትየውን፣ የኔታን፣ ከበዓሉ ማግሥት ጎጆአቸው ደጅ ላይ አገኘናቸው። ትንሽ፣ ደረቅ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ያ ሁሉ ቁመት ከየት እንደ መጣ ገረመኝ። ተማሪዎቻቸው በየዛፉ ሥር ዜማ ያዜማሉ። ቆሎና ጠላ ቀረበልን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ያዘ። እናቴ ጠላዋን ቀመሰችና ጀመረች።

«የኔታ፣ ልጅዎ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው።»

«ለትምህርት?»

«ለከበሮ።»

የኔታ ቆሎአቸውን ማኘክ አቆሙ። «ከበሮማ እዚህም ሞልቷል፣ እመቤቴ።»

«እዚያ ደግሞ ደመወዝ አለው።»

«ለዓለም ዘፈን ነው?»

«ለዘፈን ነው። አልዋሽዎትም» አለች እናቴ።

የኔታ ከዛፉ ሥር አንድ ተማሪ ሲሳሳት ራሳቸውን ሳያዞሩ ትክክለኛውን ዜማ ጣል አደረጉለትና ወደ እኛ ተመለሱ። ሐሳባቸው ዘፈኑ ላይ ይመስለኝ ነበር፤ የጠየቁት ግን ሌላ ነው።

«እዚያ ማን ያርመዋል? እኔ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳርመው ኖሬያለሁ። ያለ አራሚ የቀረ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይመታል።»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «የጓዱ አለቃ ያርመኛል፣ አባባ። ዜማው በወረቀት ተጽፏል። የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚያርፍ ምልክት አለው።»

«ምልክት አላቸው?»

«አላቸው።»

የኔታ ፊታቸው ተፈታ። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ከፊደል በላይ የሚጻፍ ምልክት እንዳለው፣ እሱን ለመለየት ሰው ዓመታት እንደሚፈጅ እኔም አውቃለሁ። ለእሳቸው ምልክት ያለው ነገር መምህር ያለው ነገር ነው። አሳየኝ አሉት። ልጁ በእንጨት መሬቱ ላይ አምስት መስመር አስምሮ፣ ከጓዱ አለቃ ያየውን ያህል ነጠብጣብ አደረገበት። አባትየው ጎንበስ ብለው ብዙ ካዩት በኋላ፣

«ዘራቸው ሌላ ነው፤ ግን ምልክት ነው» አሉ። «ሂድ። በየዓመቱ ለበዓሉ ትመጣለህ፤ ማኅሌት ትቆማለህ። ያበላሸኸውን እኔ እሰማዋለሁ።»

ልጁ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ጠላዋን እንዲሞሉላት ዋንጫዋን ዘረጋች።

ሄደ። ቃሉንም ጠበቀ። በመጀመሪያው ዓመት ሱፍ ለብሶ ዲማ ገብቶ፣ ሱፉን አውልቆ ጋቢ ለበሰና ከካህናቱ ጋር ቆመ። አባቱ የአዲስ አበባውን ከበሮ አስረዳኝ ሲሉት፣ እጁ ይህን ሲመታ እግሩ ያን እንደሚመታ ነገራቸው። «እግርም ይሠራል? እንግዲያው ሽብሸባ ነዋ» አሉ የኔታ፤ ከዚያ በኋላ ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ «ልጄ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ያሸበሽባል» እያሉ መመለስ ጀመሩ።

እኔ አማኑኤል ቀረሁ። እዚያው አንድ የሥራ ባልደረባዬን አገባሁ፤ እናቴም አብራን ናት። አራተኛ ክፍሎችን ከሁለት ከፍዬ በሁለት ድምፅ መዝሙር አስተምራለሁ። የወላጆች ቀን ላይ አንድ አባት መዝሙሩ እንዳለቀ ወደ እኔ መጥተው፣ «መምህርት፣ ልጄ ከዚያ ማዶ ከቆሙት ጋር ነበረች። እነሱ ከሌሎቹ የተለየ ነገር ሲያዜሙ ሰማሁ። ካልቻለች ያስወጧት፣ አልቀየምም» አሉኝ። ልጅቷን ጠርቼ አጠገባቸው አቆምኋትና የእሷን ወገን ብቻዋን አዜመች፤ እኔ ሌላውን ያዝሁ። ሰውየው መጀመሪያ እሷን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ፤ ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡና «እስቲ ድገሙት» አሉን።